ከሠላሳ ስምንት አንድ ሲጎድል

ሬሳው ገና ከዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ አልጋ ላይ አልተነሳም። ጓደኞቹ «አንደኛ» ይሉት ነበር፤ በማኔጅመንት ኢንፎርሜሽን ሲስተም ክፍል አራት ዓመት ሙሉ ከአንደኝነት ወርዶ አያውቅማ! ቶንሲል አሞት በቀጠሮው መጣ፣ ፔኒሲሊን ተወጋ፣ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ፊቱ አብጦ ትንፋሹ ተቆረጠ። የወጉት ሲስተር ጥግ ይዘው ኩርምት ብለዋል። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ወር ሲቀራቸው፣ ሁለት ፖሊሶች ወደ እስር ቤት ሊወስዷቸው በር ላይ ቆመዋል።

«ፔኒሲሊን እንደማይስማማው አላወቁም?» አለች መርማሪዋ።

«ከየት ልወቅ፣ ልጄ? ኮምፒውተሩ አለርጂ የለበትም አለኝ!»

እውነትም እንዲያ ይላል። መርማሪዋን ግን ነገሩ አልጣማትም። የክሊኒኩን የሕሙማን መዝገብ ሲስተም ለመመረቂያ የሠሩት ሟቹና ሁለት ጓደኞቹ ናቸው። ሰው በገዛ እጁ የሠራው ነገር እንዴት የራሱን በሽታ ይረሳል?

ሁለቱን አስጠራች። ኮድ የሚጽፈው ቀጫጫ ልጅ ሽቦ ይባላል፤ ሰነድ የምታዘጋጀዋን ደግሞ ጸሐፊዋ ይሏታል።

ሽቦ ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አደረገ። «ይኸው! እዚህ የተሰረዘ ነገር ይደበቃል እንጂ አይጠፋም። አለርጂው ዛሬ ማክሰኞ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተሰርዟል። እሱ የተወጋው አራት ሰዓት ነው።»

«ማን ሰረዘው?»

«ሦስታችንም የምንገባው በአንድ ፓስወርድ ነው።»

«አንተ ብትሆንስ?»

«እኔ ብሆንማ ዱካውንም አጠፋው ነበር! እንዲህ የምዝረከረክ ይመስልዎታል? ደግሞ ትናንት ማን ያስነካናል? አንደኛ ራሱ ቀኑን ሙሉ ሲስተሙን ሲፈትሽ ዋለ።»

ጸሐፊዋ ዓይኗን ጠረግ ጠረግ አደረገች። «ሲስተር ሳያውቁ ነክተውት ይሆናል» አለችና፣ ማንም ሳይጠይቃት የመመረቂያ ጽሑፉን አቀበለች። «ሁሉም እዚህ አለ። አንድ ቁጥር አይዛነፍም።»

መርማሪዋ ገጽ በገጽ ገለጠችው። አንድ ሰንጠረዥ ላይ ስትደርስ ቆመች። ከዚያ መምህራቸውን አስጠራችና ሁሉንም አልጋው ዙሪያ አቆመቻቸው።

«መምህር፣ ይህን መቼ ተረከቡ?»

«ትናንት ሰኞ፣ ቀን ስድስት ሰዓት። ማህተሜ አለበት። ነገ ከሲስተሙ ጋር አመሳክረዋለሁ፤ ቁጥሩ ካልገጠመ ዜሮ ነው፣ ምሕረት አላውቅም!»

«ሽቦ፣ ትናንት አለርጂ አለባቸው ተብለው የተመዘገቡት ስንት ነበሩ?»

«ሠላሳ ስምንት።»

«ዛሬስ?»

«አንደኛ ሲወጣ… ሠላሳ ሰባት።»

«ትናንት የታተመው ጽሑፍ ግን ሠላሳ ሰባት ይላል። የማክሰኞውን ስረዛ ሰኞ ላይ ያወቀው ማነው? ሰንጠረዡን የጻፈው ማነው?»

ሽቦ ቀስ ብሎ ወደ ጸሐፊዋ ዞረ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«የቶንሲል ቀጠሮው ዛሬ እንደሆነ፣ ፔኒሲሊን እንደሚወጋም ታውቂያለሽ» አለቻት መርማሪዋ። «ትናንት ብትሰርዢው አንደኛ ሲፈትሽ ያይብሻል። ዛሬ ለመሰረዝ ቆረጥሽ፤ ነገ ደግሞ መምህሩ ሲያመሳክሩ እንዳይጎድልብሽ ቁጥሩን አስቀድመሽ አስተካከልሽ። በሰው ነፍስ ጨክነሽ ለማርክ ሳሳሽ!»

ጸሐፊዋ እንባዋ ወዲያው ደረቀ። «ረዳት መምህር ሆኖ የሚቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው። አራት ዓመት እኔ ጻፍኩ፣ ለእሱ ተጨበጨበ። ሁለተኛ መሆን ምን እንደሆነ እናንተ ምን ታውቃላችሁ?» አለች። ከዚያ ወደ መምህሯ ዞር ብላ፣ «ለማንኛውም ቁጥሩ ይገጥማል» አለቻቸው።

ፖሊሶቹ እሷን ይዘው ወጡ።

«ሲስተር፣ አበቃ፤ ነፃ ነዎት። ወደ ቤትዎ ይሂዱ» አለች መርማሪዋ።

ሲስተር አልተነሱም።

«ጠይቄው ነበር እኮ» አሉ። «ድምፁ ተዘግቶ መናገር አቃተው። የማይስማማህ መድኃኒት አለ ወይ ስለው፣ ፈገግ ብሎ በጣቱ ወደ ኮምፒውተሩ አሳየኝ።»