በቤሬቲ ቅርጫት ውስጥ የነበረው ቀንድ አውጣ

ታቡያ በደሴቲቱ ሰሜን ጫፍ፣ ጎረቤት በሌለው ጎጆው ሞቶ ተገኘ። ቀኝ እጁ በአንድ ቅርጫት ክዳን ሥር እንደገባ ነበር። ቅርጫቱን የሚበላ ዛጎል ሞልቶታል። ከዛጎሉ መሃል ግን አንድ ሾጣጣ የባሕር ቀንድ አውጣ ተቀምጧል፤ ነድፎ የሰውን ትንፋሽ ቀጥ የሚያደርገው ዓይነት።

ያገኘው ጠላቂው ብዌሬ ነው። የሞት መለከታችንን፣ የትልቅ ባሕር ቀንድ አውጣ ባዶ ቅርፊት፣ ነፋ። ሰው ሁሉ ድምፁን ተከትሎ ወደ ሰሜን ሮጠ።

ቅርጫቱ የቤሬቲ ሆኖ ተገኘ። ቤሬቲ ከሩቅ ደሴት ተድራ የመጣች፣ ባሏ የሞተባት፣ ልጅም ዘመድም የሌላት ሴት ናት። ንጹሕነቷ ካልታወቀ ነገ በሚነሳው ጀልባ፣ አሁን ማንም ወደማያስታውሳት አገሯ እንድትባረር ሽማግሌዎች ወሰኑ።

ጉዳዩ ለሃምሳ አለቃ ቴኪኔኔ ተሰጠ። ሠላሳ ዓመት አገልግሎ ሹመት ሦስት ጊዜ አልፎታል፤ ከዋናው ደሴት ወረቀት ይዘው የመጡ ልጆች አለቃ ሆነውበታል። ዓይኑን ግን ማንም አልቀማውም።

«ቅርጫቱን አንቺ ነሽ የሰጠሽው?» አላት ቤሬቲን፣ ቤቷ ሄዶ።

«ታቡያ ቡቡቲ አለኝ። ታዲያ እምቢ ይባላል እንዴ፣ ሃምሳ አለቃ?»

አይባልም። እኛ ዘንድ ቡቡቲ፣ እባክህ ስጠኝ፣ ብሎ የጠየቀህን ሰው ከከለከልከው፣ ስምህ ከአንተ ቀድሞ ይቀበራል።

«ውስጡን አይተሽው ነበር?»

«ማታ ለቅሜ፣ አሸዋውን እንዲተፋ ደጄ ካለው እንጨት አስሬ ባሕር ውስጥ አሳደርኩት። ጠዋት ታቡያ በታንኳ ሲያልፍ ጠየቀኝ፤ ክዳኑን ሳልከፍተው ከእንጨቱ ፈትቶ ወሰደው።»

«መለከቱ ሲነፋስ?»

«እዚሁ ነበርኩ፤ እግሬን አሞኛል። ኡሪያም መጣ፣ የሬሳ ምንጣፍ ይዞ። ሲያየኝ ክው አለ።»

ኡሪያም የሚባለው ይህ ሰው የሟች ባሏ ወንድም ነው። በቤተ ክርስቲያን ያነባል፤ እኛ ያልተማርነው አፋችንን ከፍተን እንሰማዋለን።

«የገደለችው ያቺ መጤ ናት» አለው ለቴኪኔኔ። «ምን ምርመራ ያስፈልገዋል? ወይስ በእርጅናህ ሹመት አማረህ?»

ቴኪኔኔ ስድቡን ዋጥ አድርጎ ወደ ብዌሬ ሄደ።

«ይህ ቀንድ አውጣ የሚገኘው በውጭው ባሕር ነው። እዚያ የምትጠልቀው አንተ ብቻ ነህ።»

«ታዲያ አንተ ገደልከው በለኛ!»

«አላልኩም። ማን ጠየቀህ ነው የምልህ።»

ብዌሬ አንገቱን ደፋ። ቡቡቲ ተብለው የሰጡትን ማውራት ነውር ነው። ቡቡቲ ብሎ የጠየቀው ሰው እንዳለ ቴኪኔኔ ከዚህ ገባው።

ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ በትልቁ መሰብሰቢያ፣ በማኔባው ተቀመጠ።

«ቤሬቲ ታቡያ እንደሚመጣ አታውቅም ነበር» አለ ቴኪኔኔ። «እሱ ባይጠይቃት ኖሮ እጇን ቅርጫቱ ውስጥ የምትሰደው እሷ ነበረች። ሌሊት ቅርጫቱ ባሕር ውስጥ ሳለ የተከተተው ቀንድ አውጣ የተላከው ለእሷ ነው።»

ቴኪኔኔ ሕዝቡን በዓይኑ ቃኘ።

«መለከት የሟችን ስም አይናገርም። እናንተ ድምፁ ወዳለበት ሮጣችሁ። አንድ ሰው ብቻ ወደ ቤሬቲ ቤት ሄደ። ኡሪያም፣ ማን ሞተ ብለህ ነው?»

«ብቻዋን ናት ብዬ ላጽናናት…»

«በሬሳ ምንጣፍ?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ።

«ቤሬቲ ብትሞትም ብትባረርም የወንድምህ መሬት ለአንተ ይመለሳል። ቅርጫት ግን ቡቡቲ ተብሎ እንደሚጠየቅ ዘነጋህ።» ቴኪኔኔ ወደ ጠላቂው ዞረ። «ብዌሬ፣ በሁሉም ፊት ቡቡቲ እልሃለሁ። እውነቱን ስጠኝ።»

ብዌሬ ዙሪያውን አየ። ማምለጫ የለውም።

«ኡሪያም ነው የጠየቀኝ። በሕይወት ያለ ቀንድ አውጣ አምጣልኝ፣ ለሰንበት ተማሪዎች ላሳያቸው አለኝ።»

ቴኪኔኔ ኡሪያምን ክንዱን ይዞ አስነሳው።

ትልቁ ሽማግሌ ቤሬቲን ወደ ፊት ጠራት። «ልጄ፣ በመሬትሽ ላይ ትኖሪያለሽ። ሌላ የምትፈልጊው አለ?»

«ታቡያ ደጄ ላይ ይቀበር።»

«ምንሽ ነው?»

«ምኔም አይደለም፣ አባባ። ሌላ ሰው አለው እንዴ?»

ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ዘመዴ ነው ያለ አልነበረም።