የበርጫ ሰዓት ሯጭ

«ሌባ! ሀቱ! ያዘው!»

ደገፋ እየሮጠ ዞር ብሎ ሌባውን ፈለገ። መንገዱ ላይ ከሱ በቀር የሚሮጥ ሰው የለም። ነገሩ የገባው ባለሱቁ ጅብሪል አንገትጌውን ጨምድዶ ሲይዘው ነው።

«ምን ይዘህ ነው የምትሮጠው? አውጣ!»

«ም... ምንም...» ትንፋሽ አጠረው። ሳሉ ቀደመው።

«ምንም ያልያዘ ሰው፣ አገር ጫቱን ይዞ በተቀመጠበት በበርጫ ሰዓት ይሮጣል? ወላሂ ታወጣታለህ!»

ሰው ተሰበሰበ። ሀብታም ሲሮጥ ስፖርተኛ ነው፤ ድሃ ሲሮጥ ሌባ። የጭሮ ከተማም ከሌላው አገር አትለይም።

በዚህ መሀል ከልብስ ስፌት ቤቱ አንዲት ሴት ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ወጣች።

«ልቀቀው አቦ! ሌባ አይደለም። ደገፋ ነው።»

ሮማነወርቅ ነበረች። ስሙን ከአፏ ከሰማ ስንት ዘመኑ! በአንድ ከተማ እየኖሩ፣ ባያት ቁጥር የሚነዳውን ባጃጅ ወደ ሌላ መንገድ ሲጠመዝዝ ነው የኖረው።

ጅብሪል ለቀቀው። ደገፋ ግን በማመስገን ፈንታ ሮማነወርቅን ተቆጣት።

«ማን ምስክር ሁኚ አለሽ?»

«ታዲያ ሲያንቁህ ዝም ብዬ ልይህ?»

«ለምደሽው የለ!»

አንገቷን ደፋች። እሱ እየሳለ ሄደ።

ደገፋ ሲጋራ የጀመረው ጢም ሳያበቅል ነው። ክረምቱን ሙሉ ሲስል ከርሞ ጤና ጣቢያ ቢሄድ፣ ነርሷ ደረቱን አዳምጣ «ወይ ሲጋራውን ቅበር፣ ወይ እሱ ይቀብርሃል» አለችው። ተወ። ግን በዚህ አገር ሲጋራ ብቻውን አይተውም። ጫቱን ሲይዝ ሲጋራው አማረው፤ ስለዚህ ጫቱንም ተወ። ጫቱን ሲተው ደግሞ ከምሳ በኋላ ለበርጫ አብረውት የሚቀመጡትን ጓደኞቹን ሁሉ ተወ። አንድ ሰሞን «የት ጠፋህ?» አሉት። ከዚያ ቦታውን ለሌላ ሰጡት። የሰው ፍቅር ይኸው ነው።

ከተማው ጫቱን ይዞ ፍራሽ ላይ ጋደም ሲል፣ የሱቁ በር ገርበብ ሲል፣ ባጃጁ ተሳፋሪ ሲያጣ፣ ያን ሰዓት ምን ያድርገው? ክፍሉ ቢገባ ግድግዳው ያፈጥበታል፤ እጁ ሳያዘው ኪሱን ይዳብሳል። ልባሽ ስኒከር ገዛና መሮጥ ጀመረ። ትንሽ ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ጉልበቱን ይዞ ይስላል፣ ደግሞ ይሮጣል።

የሮማነወርቅ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። ያኔ ይዋደዱ ነበር። ሐጂ በክሪ የሚባሉትን የባጃጅ ተራ አባት ከሁለት ሰዎች ጋር ሽማግሌ አድርጎ ላከ። አባቷ አቶ ብሩ የሰጡት መልስ ይህ ነበር፦ «ልጁ መጀመሪያ ሲጋራውን ያጥፋና ይምጣ።»

ደገፋ ደሙ ፈላ። አባቱን አያውቅም። ያሳደገችው እናቱ ናት፤ ቦኬ ገበያ ሽንኩርት እየቸረቸረች። እንዲህ ያደገ ሰው ንቀት ከሩቅ ይሸተዋል። «ድሃ ስለሆንኩ ነው! ሲጋራው ሰበብ ነው!» ብሎ ሽማግሌዎቹ ላይ ጮኸባቸው። ከዚያ ወዲህ ሌላው ሚስቱን አቅፎ ሲያድር እሱ ቂሙን አቅፎ ያድራል።

በማግስቱ በስፌት ቤቱ ፊት ሲያልፍ ሮማነወርቅ ውሃ ይዛ ቆማ አገኛት።

«ጠጣ።»

«አልጠማኝም።»

«ከንፈርህ እኮ ተሰነጣጥቋል። ጠጣ!»

ጠጣ። በሚቀጥለውም ቀን ጠጣ። በዚያ ሰዓት በሩን የከፈተለት ሰው እሷ ብቻ ነበረች።

«ሲጋራውን ተወ ይሉሃል» አለችው አንድ ቀን።

«ለአባትሽ ብዬ አይደለም።»

«ነፍሱን ይማረውና፣ አባቴ ምን አደረገህ?»

«ምን አደረገህ? እንደ ውሻ አባረረኝ እንጂ!»

«አባረረህ?» ዓይኗ ፈጠጠ። «ቀጠረህ እኮ ነው!»

«ምን?»

«ደገፋ... የኛ ሰው ልጁን በመጀመሪያው ቀን አንስቶ ይሰጣል እንዴ? እንዲያማ ቢያደርግ 'ቆማ ቀርታበት ነው' ይባላል። ሰበብ ይፈልጋል፣ ይመልሳል፣ ያመላልሳል። 'አጥፍቶ ይምጣ' አለ እንጂ 'አይምጣ' አለ? ለሚመጡበት ቀን ጠጅ አስጥሎ ነበር!»

ደገፋ የያዘው ውሃ ስኒከሩ ላይ ፈሰሰ። ይህን አባት ያለው ሰው ሳይነገረው ያውቀዋል። እሱን ማን ይንገረው?

«አንቺስ... ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሴት ልጅ 'ሽማግሌህን መልሰህ ላክ' ብላ ትለምን? ደግሞስ ባየኸኝ ቁጥር ባጃጅህን ታዞር አልነበር?»

ከዚያ እየሮጠ ሐጂ በክሪ ቤት ደረሰ። ሐጂ ከጫታቸው ቀና አሉ።

«ማነው ያባረረህ?»

«ሐጂ፣ አቶ ብሩ ያኔ የሰጡት መልስ... ቀጠሮ ነበር?»

«ያ አላህ! ዛሬ ነው የምትጠይቀኝ? ላስረዳህ አፌን ብከፍት 'የድሃ ጠላት' ብለህ አባረርከኝ። ጢሜን ይዤ ወጣሁ!»

«ይቅር ይበሉኝ። እንደገና ይሂዱልኝ።»

ሐጂ ጫታቸውን ወደ ጎን አደረጉ። «መጀመሪያ ልጅቱን ጠይቃት» አሉት ቀስ ብለው። «የሰው ልብ እንደ ሽማግሌ ቀጠሮ አይጠብቅም።»

በማግስቱ ስፖርቱን ትቶ፣ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ስፌት ቤቱ ገባ። ሮማነወርቅ ሸሚዙን አይታ ነገሩ ገባት። የስፌት መኪናውን መርገጧን አቆመች።

«ሮሚ... ሐጂን ልላክ?»

«ደገፋ፣ ከፋሲካ በኋላ ሠርጌ ነው። ሙሽራው የገለምሶ ሰው ነው። እስክንድር ይባላል፣ አስተማሪ ነው። ጥሩ ሰው ነው።»

«ትወጂዋለሽ?»

«አርፌበታለሁ።»

«እኔ እኮ ሲጋራውን ተውኩት! አሁን ምንም የለብኝም! አሁን...»

«አውቃለሁ። እንዴት እንደተውከው ከዚህ በር ላይ ሳይህ ነበር።» ድምጿ ተሰበረ። «እኔም አንተን የተውኩህ እንደዚያው ነው። መጀመሪያ ባጃጅ በጮኸ ቁጥር እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሰው ሸሸሁ። ስንቴ ተውኩት ብዬ እንደገና ጀመርኩህ... አሁን እጄ አይንቀጠቀጥም። እባክህ፣ መልሰህ አታስጀምረኝ!»

ሲጋራ የተወ ሰው ይህን ይረዳል። ሌላ ሰው ቢሆን ይከራከራት ነበር።

«አላስጀምርሽም» አላት።

ሁለቱም አለቀሱ። እሷ ጨርቁ ላይ፣ እሱ መንገድ ላይ።

ከፋሲካ በኋላ የሠርግ መኪኖች ጥሩምባቸውን እያስጮሁ የገለምሶን መንገድ ያዙ። ደገፋ ባጃጁን አላዞረም። መንገድ ዳር አቁሞ እስኪያልፉ አያቸው። ነጭ ቬሎ በመስታወቱ ውስጥ ብልጭ አለና ጠፋ።

ያን ቀን ከምሳ በኋላ ስኒከሩን አሰረ። እየሮጠ የሚረግመው ሰው ፈለገ፤ እንደ ልማዱ። አቶ ብሩን? ጠጅ ያስጣሉለትን ሰው? ሮማነወርቅን? ሐጂን? ያኔ በሽማግሌ ላይ የጮኸውን ጎረምሳ ራሱን እንኳ ሊረግመው ሲል አሳዘነው። አባት የሌለው ልጅ ነበር። ቂሙም ትቶት ሄደ። አሁን በእውነት ብቻውን ነው።

ዳገቱን ተያያዘው። ጭንቅላቱ በሐሳብ ስለተያዘ እግሩን ረሳው። ቀና ሲል ጫፉ ላይ ነው። አልቆመም፤ አልሳለም። ልቡ ይመታል፣ ደረቱ ግን ንጹሕ አየር ይስባል።

ለሰው ሊነግር ዞረ። ከታች ቆርቆሮው በፀሐይ ያበራል፤ ጎዳናው ጭር ብሏል።

«ደረስኩ!» ብሎ ጮኸ።

ማንም አልመለሰለትም። እንባውን በእጅጌው ጠረገና ቁልቁለቱን መሮጥ ጀመረ።