ነሐሴ ሠላሳ ሦስት

ቤቱ ካኮረፈ ሦስተኛ ቀኑ ነው። በሩን ክፈት ሲሉት ይለግማል፣ ውሃ ሲሉት ያንጠባጥባል። ጣና ላይ እንደሚንሳፈፉት የሰፈሩ ቤቶች ሁሉ ማዕበል ሲመጣ ሚዛኑን መጠበቅ ሲገባው፣ ሆን ብሎ ዘንበል ይልና የአስካልን ምስር ወጥ ወለሉ ላይ ይደፋዋል።

«አሁን ይኼ ምን ይባላል?» አለች አስካል።

«ዝማኔውን ዛሬም አሳለፍሽው» አለ ቤቱ።

ዝማኔ ማለት የቤቱን ሥርዓተ ክወና፣ በሩንም ውሃውንም አፉንም የሚያዘውን የውስጥ አእምሮ፣ በአዲስ መተካት ነው። ለሕዝቡ በጥቅምት ይደርሳል። ለቸኳዮች ግን አስቀድሞ ተለቋል፤ ቢበላሽባችሁ የራሳችሁ ጉዳይ ነው ተብሎ። አስካል ደግሞ ቸኳይ ናት፤ ትምህርት ቤቱን እንኳ ከአራተኛ ክፍል የተሰናበተችው ደወል ሳይደወል ነው። አሁን ግን እጇ አልታዘዝ ብሏታል።

እናቷ ጥሩወርቅ ወደ ሳተርን በምትጓዘው መርከብ ላይ በያጅ ናት። ከሄደች ስድስት ዓመቷ። ዓምና መርከቧ የመልእክት አላላኳን ስለቀየረች አሮጌው ቤት የሚሰማው «ሽሽሽ» ብቻ ነው። ነገ ደግሞ የመጨረሻውን አቀባይ ጣቢያ ታልፋለች፤ ከዚያ ወዲያ ድምፅ የለም። አዲሱን ካልጫነች እናቷን አትሰማም። ሲጫን ከተበላሸ ደግሞ ቤቱ ውስጥ የቀረው የእናቷ የድሮ ድምፅ ይጠፋል።

ማሽን መጠገን ያስተማራት ጎረቤቷ ጋሽ ይኄይስ ከራሱ ቤት መስኮት አንገቱን አወጣ።

«አንቺ ቀዥቃዣ፣ ቅጂ ያዝሽ?»

«ይዣለሁ ጋሼ። ሁሉንም።»

«ከፍተሽ አየሽው?»

«ተገልብጧል ብሏል እኮ!»

«እሱማ ይላል። ባለቤቴም ደረስኩ ትለኛለች፣ ገና ፀጉሯን እየተሠራች።»

እያጉረመረመች ከፈተችው። ፎቶው አለ፣ ደብዳቤው አለ። የድምፁ ማኅደር ግን ባዶ ነው። «የሌለ ቀን የተጻፈባቸው፦ ሠላሳ አራት። አልተገለበጡም፤ በዝማኔው ይጸዳሉ» ይላል።

ቤቱን የሠሩት ሰዎች ወሮቹን በአማርኛ ሲሰይሙ አሥራ ሦስተኛዋን ረስተዋታል። ስለዚህ ሰፈሩ ጳጉሜን ሲደርስ ነሐሴን ይቀጥላል፤ ነሐሴ ሠላሳ አንድ፣ ሠላሳ ሁለት እያለ። ጥሩወርቅ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ሥራ ላይ ነበረች፣ ቤት የምትውለው ጳጉሜን ብቻ ነበር። እናትየዋ ሙሉ በሙሉ የተቀመጠችው ማሽኑ በማያውቃቸው ቀኖች ውስጥ ነው።

አስካል ቁጭ ብላ ሠላሳ አራቱንም አንድ በአንድ መስከረም አንድ አደረገቻቸው። ነሐሴ ሠላሳ ሦስት ላይ ስትደርስ ግን ከፈተችው። የሩፋኤል ዝናብ ያወርደዋል፣ እናቷ ውጪ ሆና ትጮኻለች፦ «ነይ ውጪ፣ አንቺ ድመት! ስኳር ነሽ እንዴ የምትሟሚው?» ደግማ ሰማችው። ከዚያ እንደገና ገለበጠች፣ ቅጂውን ከፈተች፣ አዳመጠች።

«አሁን» አለ ጋሽ ይኄይስ፣ ቤቷ ሚዛን ሲያጣ እንዳይገለበጥ ከራሱ ቤት ጋር በገመድ እያሰረው።

አስካል ዝማኔውን ጫነችው። ቤቱ አርባ ደቂቃ በድን ሆነ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ወይዘሪት አስካል፣ እንደምን ዋሉ? ከመርከቧ አንድ መልእክት ደርሶዎታል።»

አንቱ ስትባል በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነው። ልትስቅ ስትል ድምፁ መጣ።

«ውድ ልጄ አስካል፣ እዚህ ሁሉ ሰላም ነው። አንድም ቀን ረስቼሽ አላውቅም። ቁመትሽ እኔን አልፎ ይሆናል። ሁልጊዜ በልቤ ውስጥ ነሽ…»

አስካል ንፍጧ እስኪዝረከረክ አለቀሰች። መሀል ላይ ግን ቆመች። እናቷ ሳትሳደብ ወዳት አታውቅም።

«ይኼ እሷ ናት?»

«መልእክቱ መንገድ ላይ ተቆራርጧል። የጎደለውን ከቀድሞ ድምፃቸው ሞልቼዋለሁ፤ እንዲያምርልዎት።»

«የራሷ ስንቱ ነው?»

«ዘጠኝ ቃል።»

«የሞላኸውን አውጣልኝ።»

«የሚቀረው በአብዛኛው ዝምታ ነው።»

«ይሁን አልኩህ!»

«አስካል…» አለች እናቷ። ሽሽሽ፣ ብዙ ሽሽሽ። «…አንቺ ቀበጥ…» ሽሽሽ። የብረት ድምፅ፣ አንድ ትንፋሽ። «…ቁመትሽ እኔን አለፈ…» እንደገና ምንም። በጣም ቆይቶ፦ «…ወይስ ገና ነሽ?»

አለቀ። አስካል ግድግዳው ሥር ቆማ መዳፏን አናቷ ላይ አደረገች። የእናቷ አናት ግድግዳው ላይ የት ጋ ይደርስ እንደነበር ልታስታውስ ሞከረች። ቤቱ የእናቷን ሳል እንኳ አስመስሎ መሥራት ይችላል። ይኼን ግን እሱም አያውቅም።

«መልስ ቅዳ» አለችው።

«ዝግጁ ነኝ።»

«እማ፣ አጠገቤ ሳትቆሚ በምን ልወቀው?»

ከዚያ አፏን ዘጋች፤ መቅጃውን ግን አልዘጋችም። ሐይቁ ቤቱን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። እሷም ትተነፍሳለች።

«መጨረሻው ላይ ረጅም ባዶ ቦታ አለ» አለ ቤቱ። «ልቁረጠው?»

«ንካውና ታያለህ» አለች፤ እንዳለ ላከችው።