የአሰግድ መርዶ

ጠጋ ጠጋ በሉ። አውቶቡሱ እንደሆነ እስኪነጋ አይነሳም፤ ሹፌሩም ይኸው ያንኮራፋል። ስልካችሁን አጥፉት፣ በጨለማ የሚወራ ነገር በጨለማ ነው የሚያምረው። አንቺ ልጅ፣ ጋቢዬን ልበሺ፣ አትግደርደሪ።

የማወራችሁ የሩቅ አገር ነገር ነው። የአገሩን ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁ «እሱማ እዚያ ነው፣ እኛ ጋ አይደርስም» ብላችሁ ትተኛላችሁ። ብቻ ብርድ አገር ነው። በክረምት ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ድቅድቅ ብሎ ይጨልማል። አሥር ሰዓት እኮ ነው የምላችሁ፣ እዚህ ልጆች ገና ከትምህርት ቤት የሚመለሱበት ሰዓት።

በዚያ ዘመን ሁለት ልጆች ከአንድ ሰፈር ለትምህርት ሄዱ። አንዱ ይልማ፣ አንዱ አሰግድ። አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተማሩ፣ በአንድ ቀን አውሮፕላን የተሳፈሩ ናቸው። ይልማን ትልቅ ከተማ መደቡት። አሰግድን ግን ስለ ዓሣ እንዲማር አንድ ሐይቅ ዳር፣ ማንም የማያውቃት መንደር ላኩት። «ዓሣ ለመማር ባሕር ተሻገረ ወይ?» ብሎ ሰፈሩ ሁሉ ስቆበታል። እናቱ እትዬ የሸዋሉል ግን አልሳቁም። ያላቸው እሱ ብቻ ነው። አባት የለ፣ እህት የለ፣ እሱና እሳቸው ብቻ።

እንግዲህ እትዬ የሸዋሉል ሞቱ።

የይልማ ወንድም ደወለለት። «እትዬ የሸዋሉል አርፈዋል፣ ቀብረናቸዋል። አሰግድ አልሰማም፤ ሄደህ አርዳው» አለው።

ምን አልክ አንተ? ለምን ለአሰግድ ራሱ አልደወሉለትም? ልጄ፣ አንተን ማን አሳደገህ? መርዶ በስልክ ይነገራል? መርዶ በጠዋት ነው፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ። በመንገድ አይነገርም፣ በማታ አይነገርም። ይልማም ይህን ያውቃል። ቅዳሜ ሄጄ፣ አብሬው አድሬ፣ እሑድ ጠዋት እነግረዋለሁ አለ። ግን የትኛው ቅዳሜ? ይቺን ፈተና ልጨርስ አለ፣ አንዱ ቅዳሜ አለፈ። ብርዱ ትንሽ ጋብ ይበልልኝ አለ፣ ሌላው አለፈ። ፈርቶ ነው። ጓደኛውን ማስለቀስ ፈርቶ ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

በመጨረሻ ተነሳ። አብሮት የሚሄድ ያገር ሰው ይፈልግ ነበር፤ ግን «እስካሁን ምን ትሠራ ነበር?» እንዳይሉት አፈረና ብቻውን ሄደ።

ባቡሩ ሲያወርደው ጨልሟል። ጣቢያ ስትባል አንዲት አግዳሚ ወንበርና አንድ አምፖል ናት። የወረደው እሱ ብቻ ነው። ወደ መንደሩ የሚወስደው መንገድ ግራና ቀኙ ጥድ ነው፤ በረዶው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ሻንጣውን አንጠልጥሎ ጥቂት እንደሄደ ከፊቱ አንድ ሰው ቆሞ አየ።

ማን ይመስላችኋል? አሰግድ ነው።

«መጣህ?» አለው።

«መጣሁ። ምነው በዚህ ብርድ ያለ ካፖርት?»

«ለምጄዋለሁ።»

ይልማ ሊስመው እጁን ዘርግቶ ሄደ። አሰግድ አፈገፈገ። «ጉንፋን ይዞኛል፣ እንዳላስይዝህ» አለ። እሺ፣ ይሁን፣ ጉንፋን ማንንም ይይዛል። ግን ሻንጣውንም አልተቀበለውም። ያገር ልጅ ነው እኮ የምላችሁ። እኛ እንግዳ ሲመጣ በሻንጣ ተጓትተን ክንድ የምንገነጥል ሰዎች ነን። አሰግድ ዞሮ ከፊት ከፊት መሄድ ጀመረ። ይልማ በልቡ «ይሄ ልጅ ምን ነካው? ፈረንጅ ሆነ እንዴ?» አለ።

እየሄዱ አሰግድ ይጠይቀው ጀመር።

«ጋሽ ዘነበ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው።»

«ወንድምህስ?»

«ደህና ነው።»

«የነትርንጎ ውሻ አለች?»

«አለች። ወልዳለች።»

ባለ ሱቁን ጠየቀ። አስተማሪያቸውን ጠየቀ። ወፍጮ ቤቱ ተሠራ ወይ ብሎ ሳይቀር ጠየቀ። ይልማ የሚፈራው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር። «አሁን እናቴስ ይለኛል፤ ደህና ናቸው ብዬ እዋሸዋለሁ፤ ሲነጋ እግዜር ያውቃል» ብሎ ውሸቱን አዘጋጅቶ ይጠብቃል።

ጥያቄው አልመጣም። ውሻ የጠየቀ ሰው እናቱን አልጠየቀም።

መጀመሪያ ደስ አለው። ቆይቶ ግን ጥርጣሬ ገባው። ሰምቶ ይሆን? ከሰማ ለምን አያለቅስም? ካልሰማ ለምን አይጠይቅም? ዘገየብኝ ብሎ ቂም ይዞብኝ ይሆን? ወዴትስ ነው የሚወስደኝ? ከዚያ ወዲያ ዓይኑን አልነቀለበትም። ታዲያ ምን ቢያይ ጥሩ ነው? በረዶው ራሱ ብርሃን ይሰጣል። ይልማ በተነፈሰ ቁጥር ከአፉ እንፋሎት ይወጣል። ከአሰግድ አፍ አይወጣም። እያወራ እኮ ነው፣ ግን አይወጣም።

«አሰግድ፣ ቤትህ ገና ነው?»

«እዚሁ ነው።»

ሄዱ፣ ሄዱ።

«አሰግድ፣ ቤትህ ገና ነው?»

«እዚሁ ነው አልኩህ።»

ይልማ ቀና ቢል ጥዱ የለም። አጥር የለ፣ ቤት የለ፤ የመንደሩ መብራት ከኋላ ርቆ ቀርቷል። ፊት ለፊቱ ልጥ ያለ ሜዳ ነው። ከእግሩ ሥር የሆነ ነገር ያቃስታል። ለካ የቆመው ሐይቁ ላይ ነው፣ ላዩ በረዶ የሆነ ሐይቅ ላይ።

ባለበት ቆመ። «አሰግድ፣ ለምንድነው ስለ እናትህ የማትጠይቀኝ?» አለ።

አሰግድም ቆመ።

«ምን ብዬ ልጠይቅህ? ነገሩኝ እኮ። አንድ ያገራችን ልጅ የሰማሁ መስሎት እግዚአብሔር ያጽናህ ብሎ ደወለልኝ። በማታ። ብቻዬን ነበርኩ፣ ይልማ። ቤቱ ጠበበኝና ወጣሁ። ዝም ብዬ መሄድ ጀመርኩ። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ጠፍቶኛል።»

«ከመቼ ወዲህ?»

አሰግድ ዞሮ አየው። ፊቱ እርጥብ ነው፤ ከጸጉሩ ውሃ ይንጠባጠባል። በዚያ ብርድ ውሃ ይንጠባጠባል እንዴ? በረዶ ይሆናል እንጂ። ያኔ ይልማ ገባው። ሊሮጥ ፈለገ፣ ግን በረዶው እንዳይሰበር ፈራ።

«ምነው እንዲህ ታየኛለህ?» አለ አሰግድ። «የምትደብቀኝ ነገር አለ። የእናቴን ሰምቻለሁ። አንተ ሌላ መርዶ ይዘሃል። የማን ነው?»

«የማንም አይደለም። ሲነጋ እናወራለን።»

«አይነጋም። ስንት ጊዜ ጠበቅሁ፣ አይነጋም። ማን ሞተ፣ ይልማ?»

አንድ እርምጃ ተጠጋው። በረዶው አቃሰተ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ዝም ትላላችሁ? ይልማ ፈርቷል፣ ግን ደግሞ አንጀቱን በላው። በልጅነቱ የሚያውቀው ፊት ነው። የእናቱን መርዶ አዘግይቼበት እዚህ ደረሰ፣ የራሱንም ላዘግይበት? አለ።

«አሰግድ ወንድሜ፣ አንተ ነህ» አለው። «የሞትከው አንተ ነህ።»

መርዶ የሰማ ሰው ምን ያደርጋል? ራሱን ይጥላል። ደረቱን ይመታል፣ መሬት ላይ ይፈጠፈጣል። ለዚህ አይደል ግራና ቀኝ ሰው ቆሞ «ያዙት፣ ያዙት» የሚባለው? እዚያ ማን አለ? አሰግድ «ወይኔ አሰግድ» ብሎ ጮኸና ራሱን በረዶው ላይ ጣለ። ይልማ ያደገበት ነገር ነውና ሳያስበው ዘሎ ያዘው። በሁለት ክንዱ ወገቡን አቅፎ ያዘው። በረዶው ተሰነጠቀ።

የአሰግድ አከራይ፣ አንድ ሽማግሌ፣ ጩኸቱን ሰማ። የሰማሁት የሁለት ሰው ድምፅ ነው ይል ነበር እስኪሞት። ጎረቤቶቹን ቀስቅሶ፣ መሰላልና ገመድ ይዘው በሆዳቸው እየተሳቡ ደረሱ። የይልማ ራሱ ብቻ ከውሃው በላይ ይታያል። ገመድ ወረወሩለት። አልያዘም፣ እጁ ሞልቷል። «የያዝከውን ልቀቅ» አሉት። አልለቅም አለ። እንደምንም ገመዱን በብብቱ ሥር አስገብተው ጎተቱት። ሦስት ጎልማሶች አቃታቸው፣ አራተኛ ተጨመረ።

ሁለት ሰው አወጡ።

አንዱ ይልማ ነው፣ በሕይወት አለ። ሌላው ከጠፋ ሳምንት ያለፈው፣ መንደሩ ሁሉ ሲፈልገው የሰነበተው አሰግድ ነው። እሳት ዳር አስተኝተው ሊያላቅቋቸው ሞከሩ። የይልማን ክንድ በቀላሉ አላቀቁት። ያስቸገራቸው የአሰግድ ክንድ ነበር። እሱም ይልማን ጥብቅ አድርጎ አቅፎት ነበር።

ስለዚህ መርዶ ይዛችሁ ብቻችሁን እንዳትሄዱ። ሦስት ሆናችሁ ሂዱ። አንዱ ይናገር፣ አንዱ የሚወድቀውን ይያዝ። ሦስተኛው እናንተን ይያዝ።