ዘበኛው ድንጋይ

ሙሉነህን ከውሃ ያወጡት ሐሙስ ጠዋት ነው። ደለል የጠገበው የአርቭ ወንዝ ከንጹሑ ሮን ጋር በሚገናኝበት ዳርቻ፣ ውሻውን የሚያናፍስ ሰው አየው። ቦቲው እስከ አፉ በግራጫ ጭቃ ተሞልቷል። ስልሳ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ ለዓመታት ጄኔቭ ትራም ሲያጥብ ኖሮ ጡረታ ከወጣ ሁለት ዓመት አልሞላውም።

ፖሊሶች ጥሩወርቅን የጠሯት ለማስተርጎም ብቻ ነው። አዲስ አበባ ሳለች የወንጀል መርማሪ ነበረች፤ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ መለዮዋን አውልቃ ወጣች። እዚህ የሚከፍሏት የሰው ቃል ከአማርኛ ወደ ፈረንሳይኛ እንድታሻግር እንጂ እንድታስብ አልነበረም። ማሰቡን ግን አልተወችውም።

«ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው የሞተው» አላት የፖሊስ ኮሚሳሩ፣ ወንዙ ዳር የወደቀ ግንድ እያሳያት። «እዚህ ላይ ፔርሙዝና ሁለት ኩባያ ነበሩ። ብቻውን አልነበረም ማለት ነው። የዓሣ ቦርሳው ደግሞ ኢስማኤል የሚባል ስደተኛ ቤት ተገኘ። ሰኞ ዳኛ ፊት አቀርበዋለሁ።»

ጥሩወርቅ ጎንበስ ብላ ኩባያዎቹን በፕላስቲክ ከረጢታቸው ውስጥ እንዳሉ አየች። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ አጥቧቸዋል፤ ሆኖም ከሁለቱም ሥር አንዳንድ ቅርንፉድ ተጣብቆ ቀርቷል።

«ሁለቱም ጠጥተዋል» አለች። «ኢስማኤልን ግን አውቀዋለሁ፤ ረመዳን እየጾመ ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ውሃ እንኳ አይቀምስም።»

«ጾሙን የሚያፈርስ ሰው የለም?»

«አለ። ሰው የገደለ ለጾም አይጨነቅም ብለው ነው መሰለኝ፤ እኔ ግን እሱ የገደለ አይመስለኝም።»

ኮሚሳሩ ወደ ኢስማኤል ቤት ይዟት ሄደ።

ኢስማኤል ቶኔ በሚባለው ሰፈር ባለች አንዲት ክፍሉ ውስጥ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጠበቃቸው። ሠላሳ ዓመቱ ነው፤ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ይሠራል። ክስ ከተመሠረተበት ጊዜያዊ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ፔርሚውን፣ እንደሚነጠቅ ማንም ሊነግረው አላስፈለገም።

«እትዬ ጥሩወርቅ፣ ወላሂ ወንዙ ጋ አልደረስኩም! የሌሊት ተረኛ ስለነበርኩ ተኝቼ ነው የዋልኩት።»

«ቦርሳው በእግሩ መጣ?»

«ረመዳን ከገባ ወዲህ ጋሽ ሙሉነህ የያዙትን ዓሣ በሬ ላይ ይሰቅሉልኛል። እሳቸው ሁዳዴ ነው፣ አይቀምሱም። ‹እኔ ላጥምድ፣ አንተ ብላ፤ ጽድቁን እኩል እንካፈላለን› እያሉ ይስቃሉ። ረቡዕም ለመግሪብ ስነሳ ተሰቅሎ አገኘሁት።»

«እንደ ሁልጊዜው?»

ኢስማኤል አሰብ አደረገ። «አይ። ሁልጊዜ በፌስታል ነው፤ ያን ቀን በጋዜጣ ተጠቅልሎ ከነቦርሳቸው ነበር። ለእናቴ የማፈጥርበትን ፎቶ እልክላታለሁ፣ ይኸው።»

ፎቶው ላይ ሁለት የጸዱ ዓሦች በረጠበ ጋዜጣ ላይ ተጋድመዋል። ጥሩወርቅ በሁለት ጣቷ አጉልታ ረጅም ጊዜ አየችው።

«ይህን እንዳታጠፋ» ብላ ብቻ ስልኩን መለሰችለት።

ካሩዥ በሚባለው ሰፈር፣ ሙሉነህ ቤት፣ ለቅሶኛው ገና አልበዛም። ሚስቱ ወይዘሮ ታየች ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ከበላይዋ ግድግዳው ላይ የአንድ ወጣት ፎቶ ተሰቅሏል።

«ታናሽ ወንድሙ ነው፣ ኅሩይ» አለች ታየች። «ከምርጫው በኋላ ተደብቆ ከነበረበት ከአክስቱ ቤት ወሰዱት። በዚያው ቀረ። ማን እንደጠቆመው ሳናውቅ ሃያ ዓመት ሞላን።»

«ነፍስ ይማር። እትዬ ታየች፣ ረቡዕ ብቻቸውን ነው የወጡት?»

«ከቤት ብቻውን ነው የወጣው። ጠጠሩ ላይ ግን ብቻውን አይወጣም። ወደ ውሃው የገባ የጠጠር ምላስ አለ፤ ዓሣው የሚገኘው እዚያ ነው። ወንዙ ከተራራ ድንገት ሲሞላ ይውጠዋል። ዳሩ ላይ አንድ ጥቁር ድንጋይ አለ፣ ዘበኛው ይሉታል። ውሃው ዘበኛውን ከሸፈነ ለመውጣት ሁለት ደቂቃ አይገኝም። የሚያጠምደው ሰው ደግሞ ጀርባው ለድንጋዩ ነው። ስለዚህ አንዱ ያጠምዳል፣ ሌላው ግንዱ ላይ ተቀምጦ ዘበኛውን ያያል። ሲሸፈን ያፏጫል።»

«የሚያፏጨው ኢስማኤል ነው?»

«እሱማ ባሕሩን በጀልባ ተሻግሮ ከመጣ ወዲህ ወንዝ ዳር ድርሽ አይልም። ሲያጠምዱ የኖሩት ሙሉነህና ቃለጽድቅ ናቸው።»

«ዓሣውንስ ምን ያደርጉት ነበር?»

«መልሶ ይለቀው ነበራ! በሁዳዴ ዓሣ ቤቴ አይገባም ብዬዋለሁ።»

ጥሩወርቅ አላረመቻትም። ቃለጽድቅ ጥግ ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ከአገር ቤት ጀምሮ የሟች የሠላሳ ዓመት ወዳጅ ነው፤ ዙሪክ አጠገብ አድሊስቪል ይኖራል።

«ጋሽ ቃለጽድቅ፣ ረቡዕ አብረዋቸው አልነበሩም?»

«ምን ዋጋ አለው፣ ጉንፋን ጥሎኝ ከቤት አልወጣሁም» አላት። «ብኖር ኖሮ…»



ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ጥሩወርቅ ኮሚሳሩንና ኢስማኤልን ይዛ ወደ ሙሉነህ ቤት ተመለሰች። ለቅሶኞቹ ሄደው ታየችና ቃለጽድቅ ብቻ ነበሩ። አንድ ጊዜ በአማርኛ፣ አንድ ጊዜ በፈረንሳይኛ ተናገረች።

«ጋሽ ሙሉነህን የገፋቸው የለም፤ ሰውነታቸው ላይ የትግል ምልክት አልተገኘም። የገደላቸው የወንዙ ሙላት ነው። ግን ያለ ጠባቂ ጠጠሩ ላይ አይወጡም። ሁለት ኩባያም ተጠጥቷል። ስለዚህ ጠባቂ ነበረ፤ አላፏጨም። ጾመኛው ኢስማኤል ሻይ አልጠጣም፤ ወንዝ የሚፈራ ሰውም የወንዝ ጠባቂ አይሆንም።»

«ቦርሳውስ?» አለ ኮሚሳሩ።

«እሱ ነው ቁልፉ። ጥፋተኛ ሰው ቦርሳውን ወንዝ ወርውሮ ይሸሻል። ይኼኛው ግን ዓሣውን ጠቅልሎ፣ በትራም ቶኔ ድረስ ወስዶ በር ላይ ሰቀለው። ሟቹ ቃል የገቡለት ጾመኛ ሳያፈጥር እንዳያድር ብሎ። ይህን የሚያደርግ ወዳጅ ብቻ ነው። ስለ ዓሣው ሚስታቸው እንኳ አያውቁም ነበር።»

ታየች ቀና አለች።

«የተጠቀለለበት ጋዜጣ ደግሞ ጀርመንኛ ነው። የረቡዕ ዕለት፣ የአድሊስቪል የሰፈር ጋዜጣ፤ እዚያ በየቤቱ ፖስታ ሣጥን ከሚገባው በቀር የትም አይገኝም። ጋሽ ቃለጽድቅ፣ ከቤት አልወጣሁም ብለውኝ ነበር።»



«ግንዱ እርጥብ ስለሆነ ልቀመጥበት ነበር የያዝኩት» አለ ቃለጽድቅ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ፎቶ ቀና ብሎ፣ «ኅሩይን የጠቆምኩት እኔ ነኝ፣ ታየች። ሦስት ቀን ደብድበውኝ፣ በአራተኛው አፌ ከዳኝ። ከዚህ በላይ ይዤው መቁረብ አልቻልኩም፤ ረቡዕ ለሙሉነህ ነገርኩት» አለ።

«ምን አለህ?» አለች ታየች።

«ስለ ኅሩይ ምንም። ጠጠሩ ላይ ሄዶ ቆመ። ውሃው ዘበኛውን ሸፈነው፣ አየሁት። ከንፈሬን አሞጠሞጥኩ። ግን ባፏጭ ዞር ብሎ ያየኛል። ፊቱን ማየት ፈራሁ። ትንሽ ልቆይ፣ አንዲት ትንፋሽ ያህል ብዬ… ከዚያ ጠጠሩ ላይ ሰው አልነበረም።»

ታየች አላለቀሰችም።

«ሻዩን የቀዳልህ መቼ ነው? ከነገርከው በፊት ነው በኋላ?»

«በኋላ። በእጁ አቀበለኝ።»

«ከዚያስ?»

«‹ዘበኛውን እይልኝ› ብሎኝ ሄደ።»

«ይህን ሁሉ ሰምቶ፣» አለች ታየች፣ «አንተን ጠባቂ አድርጎ ጀርባውን ሰጠህ። ምሮህ ነበር እኮ፣ ቃለጽድቅ። ምሮህ ነበር።»

ቃለጽድቅ ነጠላውን ፊቱ ላይ ጎተተ።

«ምን አሉ?» አለ ኮሚሳሩ።

እያንዳንዱን ቃል ማሻገር ሥራዋ ነበርና ጥሩወርቅ አሻገረችው። ኮሚሳሩ አዳመጠ፤ ማስታወሻው ላይ ግን አልጻፈውም። ቃለጽድቅን ክንዱን ይዞ አስነሳው።

በሩ ሲዘጋ ታየች ወደ መስኮቱ አየች። ፀሐይዋ ጠልቃለች።

«ኢስማኤል፣ ልጄ፣ ሰዓትህ ደርሷል» ብላ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀድታ ሰጠችው።

ኢስማኤል ብርጭቆውን ተቀብሎ ለጥቂት ጊዜ ውሃውን አየው። ከዚያ ቢስሚላህ ብሎ ጠጣ።