ነጥብና ኮከብ

«አንቺ ገና ዘንድሮ የገባሽ ልጅ ነሽ» አላት ቴጉን፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ። «የኢሜይል ማጣሪያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ምንም አልሆነም።»

ዳሶም ይህንኑ ስትሰማ ሰነበተች። በደቡብ ኮሪያዋ ጆንጁ ከተማ ባለው ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክበብ ውስጥ የእሷ ቃል ከማሞቂያው ጉርምርምታ ተለይቶ አይሰማም። የክበቡ ቡድን የተመዘገበበት የኮምፒውተር ውድድር አዘጋጆች «የጎደለ ሰነድ አለ» ብለው የላኩት ኢሜይል አልደረሰም፤ ቡድኑም ከውድድሩ ተሰረዘ። ኢሜይል የምትከታተለው እሷ ነበረችና የክበቡ ኃላፊ መምህር ናም «ረስታ ነው» ብለው ደመደሙ። ቴጉንም አፉን ሞልቶ «ማጣሪያዬ ንጹሕ ነው» አላቸው።

ዛሬ ግን ቆሻሻ መልእክት የሚጣልበትን ሳጥን ራሷ ከፈተችው። ኢሜይሉ እዚያ ተጋድሟል።

«ሶንቤ» አለችው፣ ታናሽ ታላቁን እንደሚጠራ። «እስቲ ና እየው።»

አጭበርባሪዎች ዴቹልን፣ በኮሪያኛ ብድር የሚለውን ቃል፣ ከማጣሪያ ለማስመለጥ በነጥብ ይከፍሉታል፦ ዴ.ቹል። ቴጉን ታዲያ ይህን ለመያዝ በማጣሪያው ደንብ ላይ በዴና በቹል መካከል ነጥብና ኮከብ ደነቀረ። ትርጉሙ «ከዴ በኋላ የፈለገው ይምጣ፣ የፈለገውን ያህል ይርዘም፣ ቹል ካገኘህ ጣለው» ነው። ስንፍና ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

«ዴሄ ውድድር ነው፣ ጄቹል ደግሞ ማስገባት» አለች ዳሶም፣ ኢሜይሉ ላይ ሁለቱን ቃላት እየጠቆመች። «ዴው ከዚህ፣ ቹሉ ከዚያ። ለውድድሩ ሰነድ አስገቡ ያለ ሁሉ አራጣ አበዳሪ ሆነልህ።»

የቴጉን ጆሮ ቀላ።

ነጥብና ኮከቡን አጠፋችና በምትኩ ክፍተት፣ ነጥብ ወይም ሰረዝ ብቻ፣ ያውም ከሦስት እንዳይበልጥ አድርጋ ጻፈች። የድሮ መልእክቶችን አሳለፈችበት። አጭበርባሪዎቹ ተያዙ፣ የውድድሩ ኢሜይል አለፈ። ረጅም ጽሑፍ በመጣ ቁጥር የሚያቃስተው ሰርቨርም ቀልጠፍ አለ።

«በቃ፣ ተስተካከለ አይደል?» አለ ቴጉን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለመምህሩ መንገር ምን ያደርጋል? ለዩኒቨርሲቲ የድጋፍ ደብዳቤ ሊጽፉልኝ ነው እኮ። ለከርሞ ቡድኑን አንቺ ትመሪያለሽ፣ እኔ ልሙት።»

ዳሶም ቡድን መምራት አላማራትም ቢባል ውሸት ነው። ግን ሁለቱ የቡድን ጓደኞቿ ጥፋቱ የእሷ መስሏቸው ምሳ ላይ ስትቀመጥ ትሪያቸውን አንስተው ወደ ሌላ ጠረጴዛ መሄድ ጀምረዋል።

ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች።

«መምህሩ ቢሮ ናቸው» አለችው። «ተነስ፣ ሶንቤ። እኔ አልናገርልህም፣ በራስህ አፍ ትነግራቸዋለህ። የቡድኑን ልጆችም ጥራቸው፣ ቆመው ይስሙ።»