በቂ ማስረጃ ባለመገኘቱ

«ማመልከቻ ትጽፋላችሁ አሉኝ።»

አፊያ ከኮምፒውተሩ ቀና ሳትል በድምፃቸው ለየቻቸው። ጣቶቿ ፊደሎቹ ላይ እንዳረፉ ቀሩ። በሩ ላይ የቆሙት ሰው አለንጋቸውን በብብታቸው ይዘው፣ ጭቃ የዋጠውን ቦቲ ጫማቸውን ደጃፉ ላይ በተነጠፈው ጆንያ ይጠርጋሉ። ከኋላቸው ፈረሳቸው ጋሪው እንደተጠመደበት የነሐሴ ዝናብ ይወርድበታል።

«እንጽፋለን፤ ይግቡ አያ ቢሻው» አለች አክስቷ ሀሊሜ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጀርባ። «አፊያ፣ ወንበር አቅርቢላቸው እንጂ።»

የጽሕፈት አገልግሎት ቤቱ የአክስቷ ነው። ዳንግላ ካለው ፖሊስ ጣቢያ ፊት ለፊት ስለሆነ ደንበኛ አያጣም። አፊያ ዘጠነኛ ክፍልን ጨርሳ ክረምቱን እዚህ ታሳልፋለች። ትፈጥናለች፤ ፊደልም አትገድፍም። «ያቺ ልጅ ትጻፍልኝ» የሚሉ ሰዎች ከመጡ ወር አልፏል። በዚህ ትኮራ ነበር።

አያ ቢሻው ተቀምጠው ፊቷን አዩት።

«የሙሄ ልጅ አይደለሽም እንዴ? አደግሽሳ!»

«አዎ» አለች፤ ራሷም በቅጡ ባልሰማችው ድምፅ።

ተነስተው ይሄዳሉ ብላ ጠበቀች። አልሄዱም። «አባትሽ ደህና ነው? ሰላም በይልኝ» አሉና ወደ ጉዳያቸው ገቡ። ባጃጁ በዝቶ ጋሪ የሚሳፈር ጠፍቷል። ፈረሱም አርጅቷል። አዲስ የተከፈተ የግል ክሊኒክ ጥበቃ ይቀጥራል ሲባሉ ሄዱ፤ ‹ከወንጀል ነፃ መሆንዎን ከፖሊስ አጽፈው ያምጡ› አሏቸው። ጣቢያ ሲሄዱ ደግሞ በስማቸው የተከፈተ መዝገብ ተገኘ። ውጤቱ ምን እንደሆነ እንዲገለጽላቸው በጽሑፍ ማመልከት አለባቸው።

«መዝገቡ በምን ጉዳይ ነበር?» አለች አፊያ። ማመልከቻው ላይ መጻፍ ስላለበት ነው የጠየቀችው። መልሱን ግን ከእሳቸው ይልቅ እሷ ታውቀዋለች።

አያ ቢሻው ወደ ሀሊሜ ገልመጥ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«በስልክ። ያው አንቺም ሳትሰሚ አልቀረሽም። የአባትሽ ስልክ የጠፋ ጊዜ ነው። እኔ ሙሄን አልቀየምኩትም። ሰው ዕቃው ሲጠፋበት ይጠረጥራል። ግን አልነካሁም። ከላይ ያለው ያውቃል።»

አፊያ «ጉዳዩ፦» ብላ ጻፈች። ከዚያ በኋላ ያሉት ፊደሎች ለጥቂት ጊዜ ጠፉባት።

ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። የአባቷን አዲስ ስልክ ከሱቁ ባንኮኒ ላይ ሳታስፈቅድ አንስታ፣ ከጓደኛዋ ከይታይሽ ጋር ቲክቶክ ልትሠራ ትምህርት ቤት ግቢ ገባች። ሽንት ቤት ስትቀመጥ ስልኩ ከኪሷ ሾልኮ ጉድጓዱ ውስጥ ወደቀ። ጧ ሲል ሰምታዋለች። ሱቅ ስትመለስ አባቷ ካርቶኑን ሁሉ እየገለባበጠ ነበር። «ዛሬ ማን ገብቶ ነበር?» ሲላት፣ ጠዋት የስኳር ጆንያ ያወረዱት ሰው ትዝ አሏት። «ጋሪ ነጂው» አለች።

ሁለት ቃል ብቻ ነበር። በማግስቱ ግን አባቷ እጇን ይዞ ፖሊስ ጣቢያ ወሰዳት፤ መርማሪው ሲጠይቃትም «ባንኮኒው ላይ እጁን ሲያሳርፍ አይቻለሁ» ብላ ጨመረችበት። አያ ቢሻው ሁለት ሌሊት ታስረው በሦስተኛው ቀን ተለቀቁ። አባቷ ከዚያ ወዲህ ዕቃውን በሌላ ጋሪ ማስጫን ጀመረ። የጎረቤት ነጋዴዎችም እሱን አይተው እንደዚያው አደረጉ።

ማመልከቻውን አትማ አስፈረመቻቸው። ስማቸውን ብቻ መጻፍ ይችላሉ፤ እያንዳንዷን ፊደል እንደ ችግኝ ተጠንቅቀው ተከሏት። የመታወቂያቸውን ኮፒ አያይዛ ስትሰጣቸው አልተነሱም።

«የኔ ልጅ፣ ካላስቸገርኩሽ አብረሽኝ ብትገቢ? እኔ አፌን የፈታሁት በአዊኛ ነው። የቢሮ አማርኛ ይከብደኛል። ማንበቡም የለኝ።»

«ሂጂ፤ እኔ አለሁ» አለች ሀሊሜ።

አያ ቢሻው ፈረሱን ጣቢያው በር ላይ ሊያስሩት እየሳቡ መንገዱን ሲሻገሩ፣ አፊያ ወደ ኋላ ቀረት ብላ ለይታይሽ ቴክስት ላከች። «ሰውየው መጣ። የስልኩ። ጣቢያ ይዞኝ እየገባ ነው።» መልሱ ወዲያው መጣ። «ዝም በይ እንጂ። ማንም አያውቅም። አታካብጂው በናትሽ።»

መዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ ሳጅን እመቤት የምትባል ወጣት ፖሊስ አለች። ከፊታቸው ወረፋ የያዙ አንዲት ሴት ቤታቸውን ስላከራዩት ሰው ይጠይቃሉ፤ ታስሮ ያውቅ እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋሉ።

«የሌላ ሰው መዝገብ ዝም ብሎ አይነገርም እናቴ» አለች ሳጅኗ። «ፍርድ ቤት ካላዘዘ በቀር የሚሰጠው ለባለቤቱ ነው። እርስዎስ አባቴ፣ የራስዎ ነው?»

«የራሴ ነው» አሉ አያ ቢሻው ኮፍያቸውን አውልቀው። አፊያ ወደ ሥራ ስትመጣ በዚህ ግቢ በኩል ላለማለፍ ሁልጊዜ ዙሪያ ጥምጥም ትሄዳለች። አሁን ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሲቆሙ ስታይ አይኗን የምታሳርፍበት አጣች።

ሳጅኗ ማመልከቻውንና መታወቂያውን አመሳክራ ወደ ውስጥ ገባች። ቆይታ አንድ ቀጭን ፋይል ይዛ ተመለሰች፤ ደብዳቤ ጻፈች፤ አስፈርማና ማኅተም አስመትታ አመጣችላቸው። አያ ቢሻው ወረቀቱን ሳያዩት ለአፊያ ሰጧት።

«ምን ይላል?»

አፊያ ማንበብ ጀመረች። «አቶ ቢሻው አስማረ ኅዳር 12 ቀን 2015 ዓ.ም. ሞባይል ስልክ ሰርቀዋል ተብለው…»

ቀጣዩ መስመር «የግል ተበዳይ ልጅ የሆነች የ13 ዓመት ታዳጊ በሰጠችው ቃል መነሻነት» ይላል። ጆሮዋ ጋለ። አይኗ መስመሩን ዘሎ ሄደ፤ ምላሷም ተከተለው።

«…ተይዘው ምርመራ የተካሄደባቸው ሲሆን፣ በቂ ማስረጃ ባለመገኘቱ መዝገቡ ተዘግቷል።»

አያ ቢሻው ወደ መስኮቱ ቀረብ አሉ። «‹በቂ› ሲል ምን ማለቱ ነው? ትንሽ ተገኝቶ ነበር ማለት ነው?»

«አይደለም፤ የሕግ አጻጻፍ ነው» አለች ሳጅን እመቤት። «አልተከሰሱም፤ አልተፈረደብዎትም።»

«ይሁን። ግን ክሊኒኩ ያለው ሰውዬ እንደ እኔ ነው የሚሰማው። ትንሽማ ነበረ ነው የሚለው።»

ሳጅኗ ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «መዝገቡ ከሚለው በላይ እኔ መጻፍ አልችልም። ያኔ ቃል የሰጡት ሰዎች መጥተው ተሳስተን ነበር ካሉ፣ ቃላቸው ከመዝገቡ ጋር ተያይዞ አዲስ ደብዳቤ ይጻፍልዎታል።»

«ሙሄን? ተይው በቃ። ምን ብዬ እለምነዋለሁ?»

ደብዳቤውን በፌስታል ጠቅልለው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። አፊያ እስከ ጋሪው ድረስ ከኋላቸው ተከትላ ወጣች። አያ ቢሻው የፈረሱን አንገት መታ መታ አደረጉና ወደ እሷ ዞሩ።

«ደከምሽልኝ። እንዳንቺ ያለውን ልጅ ይባርክልኝ። አላህ ያሳድግሽ።»

በእሷ ሃይማኖት ነው የመረቋት። ‹አላህ› ያሉት ለእሷ አስበው ነው። አፊያ ፊቷ ሲቃጠል ተሰማት።

«አያ ቢሻው፣ ወረቀቱን አንዴ ይስጡኝ። የዘለልኩት መስመር አለ።»

አውጥተው ሰጧት። ዝናቡ ወረቀቱን እንዳያበላሸው በሻሿ ጫፍ ከልላ አነበበችው። አንዴ በዝግታ። ከዚያ ቀና አለች።

«ልጅቷ እኔ ነኝ። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ሽንት ቤት ገባብኝ። እርስዎ ባንኮኒውን አልነኩትም፤ አላየሁዎትም። ዋሽቼ ነው።»

ባጃጅ ጭቃ እየረጨ አለፈ። አያ ቢሻው በአዊኛ አንድ ነገር አሉ። ለእሷ ይሁን ለፈረሱ አላወቀችም። ፈረሱ ላይ የላላ ነገር ባይኖርም የአንገቱን ጠፍር ፈትተው እንደገና አሰሩት።

«ያኔ ታስሬ ሳለ ልጄ ሕይወት ምሳ ይዛልኝ መጥታ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «እዚያ በር ላይ። ወረፋ የሚጠብቅ አንድ ሰው ‹የሌባው ልጅ ነሽ?› አላት። ምሳውን አስቀምጣ ሮጠች። በማግስቱ እናቷ ናት የመጣችው። ሕይወት አንቺን ነው የምታክለው።»

«ይቅርታ…»

«ቆይ። አባትሽ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ይሄን ሁሉ ጊዜ ሲያየኝ መንገድ እየቀየረ ይሄዳል። እኔ ደግሞ ዕቃው ጠፍቶበት ነው ብዬ ለሱ ሳዝንለት…» አልጨረሱትም። ወረቀቱን ከእጇ ተቀብለው ጠቀለሉት። ጋሪው ላይ ወጡ። አልተቆጡም፤ ይቅር ብዬሻለሁም አላሉም። ልጓሙን ነቅነቅ ሲያደርጉ ፈረሱ ተንቀሳቀሰ። አፊያ ምነው በሰደቡኝ ብላ ተመኘች።

ሀሊሜ ከማዶ በመስኮት ታያታለች። አፊያ ግን አልተሻገረችም። ወደ ጣቢያው ተመልሳ መስኮቱ ፊት ቆመች።

«የረሳሽው ነገር አለ?» አለች ሳጅን እመቤት።

«ያኔ የሰጠውን ቃል ማረም የሚፈልግ ሰው ምን ያስፈልገዋል?»

«ማን ነው እሱ?»

«እኔ።»

ሳጅኗ ገና ያልመለሰችውን ፋይል አየች፤ ከዚያ አፊያን አየች። ፊቷ ላይ የነበረው ፈገግታ ጠፋ።

«ዕድሜሽ ስንት ነው?»

«አሥራ አምስት።»

«እንግዲያው ብቻሽን ቃልሽን አልቀበልም። ወላጅ ይዘሽ ነይ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አለን።»

ወላጅ። አፊያ የሆነ ፎርም፣ የሆነ ማመልከቻ ትላታለች ብላ ነበር። መጻፍ ቢሆን ለእሷ ቀላል ነው።

እስከ አባቷ ሱቅ በእግሯ ሄደች። ስልኳ ሁለቴ ነዘረ። «እሺ አለቀ?» ይላል የይታይሽ መልእክት፤ ቀጥሎ «ፈታ በይ በቃ»። ሳትመልስ አጠፋችው። መንገድ ላይ ብዙ ጊዜ ዞራ ልትመለስ ነበር፤ አንዴ እንዲያውም ዞራለች። አባቷ ሰው ፊት አንገቱን የሚደፋ ሰው አይደለም። ዛሬ በእሷ ምክንያት፣ መንገድ ላይ ሲያያቸው ፊቱን ያዞርባቸው በነበሩት በአያ ቢሻው ፊት ሊደፋ ነው።

ሙሄ ለአንዲት ሴት ሩዝ ይመዝን ነበር። አፊያ ሴትየዋ ተቀብላ እስክትወጣ ከበሩ ጎን ቆማ ጠበቀች።

«አፊ! ምነው በሰበስሽ? ከሀሊሜ ጋር ተጣላሽ እንዴ?»

«አባዬ፣ ሱቁን ትንሽ ዝጋው።»

አባቷ በቀትር ሱቁን የሚዘጋው ለለቅሶ ብቻ ነው። የያዘውን መመዘኛ ድንጋይ ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም» አለች አፊያ። አንዱን የቆርቆሮ መዝጊያ ራሷ ሳበችው፤ ሱቁ ግማሹ ጨለመ። «ቁጭ በል አባዬ። ስለ ስልኩ ነው።»